ድንበር የገፋ ይከሰሳል፣ ዘፈን የገፈፈስ?

ጎጃም ውስጥ ድንበር የገፋ ሰው ምን እንደሚገጥመው የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ጥማድ መሬት መውሰድ አያስፈልገውም፤ አንድ ትልም ይበቃል። ባለመሬቱ ጋቢውን አጣፍቶ "በሕግ አምላክ!" ብሎ ይነሣል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ምስክር ይቆጠራል፣ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል ይኬዳል። በሬ ተሽጦ፣ ጠበቃ ተገዝቶ ዓመት ሁለት ዓመት ይከረከራል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብሩን "ርስቴን ሊነኩብኝ ነው" ብሎ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ ጠመንጃ እስከ ማንሣት ደርሶ ነበር። ርስት ቀልድ አይደለማ!

እንግዲህ እዚሁ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው በአማኑኤል ከተማ፣ ሌላ ዓይነት ርስት ሲገፋ፣ ሲታረስ፣ ሲሸጥ ይውላል። ከሳሽ የለም። ምስክር የለም። "በሕግ አምላክ" የሚል የለም። የባለ መሲንቆውን ግጥም፣ የዘፋኟን ዜማ፣ የሠዓሊውን ሥዕል ማለቴ ነው። ለአንድ ትልም መሬት በሬውን የሚሸጥ አገር፣ ዕድሜ ልኩን የደከመበት ዘፈን ሲወሰድበት "ምን ይደረግ፣ ዘፈን እኮ ነው" ብሎ ይተኛል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በገበያ ቀን ወይም በሠርግ ሰሞን አማኑኤል ላይ መሲንቆ የያዘ ሰው አይጠፋም። እንግዳውን በስሙ ጠርቶ፣ አባቱንና አያቱን አንሥቶ፣ እዚያው የፈጠረውን ግጥም ያወርድለታል። ዱሮ የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ ቀረበት፤ ብር ግንባሩ ላይ ተለጥፎለት ጨዋታው አበቃ። ዛሬ ግን ፊቱ ላይ አሥር ሞባይል ይደቀንበታል። በማግስቱ ያ ጨዋታ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ "ምርጥ የጎጃም ባህላዊ ጨዋታ" ተብሎ ይወጣል። የዘፋኙ ስም የለም። የቻናሉ ስም ግን በትልቁ አለ። ተመልካች ሲበዛ የማስታወቂያ ገንዘብ ይመጣል፤ ገንዘቡ የሚገባው በቀረጸው ሰው ኪስ ነው። ለዘፋኙ የተረፈችው ያቺ ግንባሩ ላይ የተለጠፈች ብር ብቻ ናት፤ እሷንም ላብ አርሷታል!

ይህ ሳያንስ ሁለተኛው ዘረፋ ይከተላል። አንዱ የከተማ ስቱዲዮ ከዚያች ቪዲዮ ላይ ጥቂት ስንኝና አንድ አዝማች ይመነትፋል። በኪቦርድና በድራም ይቀባባዋል። ቆንጆ ክሊፕ ይሠራለታል፣ ቆነጃጅት እስክስታ ይወርዱበታል። ከዚያ ከክሊፑ ሥር ምን ተብሎ ቢጻፍ ጥሩ ነው? "ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ"!

እናንተዬ፣ ይሄ "ሕዝብ" የሚባል ደራሲ ማነው? አድራሻው ወዴት ነው? በዚህ አገር በሕዝብ ስም ያልተወሰደ ነገር የለም። መሬቱ "የመንግሥትና የሕዝብ ነው" ተባለና ገበሬው ባለ ይዞታ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሥልጣኑም የሕዝብ ነው ተባለ፤ የት እንዳለ የሚያውቀው ግን ባለሥልጣኑ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ዘፈኑም የሕዝብ ሆነ። ለነጣቂ እንደ ሕዝብ ያለ ምቹ ደራሲ አይገኝም። ስሙን ሲጠሩት አቤት አይልም፤ ሲዘርፉት አይከስም፤ "ድርሻዬን ክፈሉኝ" ብሎ በር አያንኳኳም።

በእርግጥ የእውነት የሕዝብ የሆነ ነገር አለ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ማንም ተነሥቶ "ቅኝቱ የኔ ነው" ሊል አይችልም። ፉከራና ሽለላም እንደዚያው። ሕጉም ቢሆን ሐሳብን፣ ዘዴንና ሥርዓትን ለአንድ ሰው አይሰጥም። ግን አንድ ሰው በትዝታ ቅኝት ያወጣው የራሱ ዜማ፣ በዚያ ላይ የደረደረው የራሱ ግጥም የራሱ ነው። ጤፍ የሁላችንም ነው፤ እገሌ የዘራው ማሳ ግን የእገሌ ነው። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም።

ዘረፋ የሚያስከብረው በቅኔ ብቻ ነው

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራን፣ ዲማን የማያውቅ የቤተ ክህነት ሰው የለም። በዚህ አገር "ቅኔ ዘረፈ" ማለት ምስጋና እንጂ ስድብ አይደለም፤ ሰውየው ቆሞ፣ ሳይዘጋጅ፣ ከራሱ አእምሮ አዲስ ቅኔ አወረደ ማለት ነው። በዚያው የቅኔ ቤት የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የደገመ፣ ወይም የባልንጀራውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያሰማ ተማሪ ጉድ ይፈላበታል። ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበታ! የሰው ቃል ወስዶ መቆም ነውር ነው።

ስለዚህ "ኮፒራይት የፈረንጅ ነገር ነው፣ በኛ ባህል የለም" የሚሉ ሰዎች ቢያንስ ጎጃም ውስጥ ቆመው አይናገሩት። የአውሮጳ መንግሥታት በርን ላይ ተሰብስበው በ1886 እ.ኤ.አ. የደራሲያንን መብት ስምምነት ሳይፈራረሙ በፊት፣ የጎጃም የቅኔ ቤት የሰው ሥራ መስረቅ ነውር መሆኑን ያውቅ ነበር። ያጣነው ሕሊናውን አይደለም። ያጣነው ነውሩ ሲፈጸም የሚዳኝ፣ የተበደለውን ይዞ ዳኛ ፊት የሚያቆም ሰው ነው።

ሕጉ አለ፤ በሩ ነው የጠፋው

የሕግ ድርቅ የለብንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ድረስ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግግ ነበር። ያ ሕግ ከ40 ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ ሲያንቀላፋ የካሴት ገልባጮች ከበሩበት። ነገሩ ከርሮ በ1995 ዓ.ም. ሙዚቀኞች "ሕግ ካልወጣ አዲስ ሥራ አናወጣም" እስከ ማለት ደረሱ። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 320 የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በሐምሌ 1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለና የጥበብ ሰዎች ተደራጅተው በጋራ ሮያልቲ የሚሰበስቡበት መንገድ ተከፈተ። እንግዲህ ሕጉ ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። አማኑኤል ግን ገና አልደረሰም። መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ይሆን?

ሕጉ እስኪደርስ እኔ የገባኝን ላድርስ። የጥበብ ሰው የሆናችሁ፣ ወይም የጥበብ ሰው ዘመድ ያላችሁ፣ ይህን ቁረጡና አስቀምጡት።

አንደኛ፦ መብቱን ለማግኘት ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሥራው ወጥ ከሆነ፣ ማለትም ከራሳችሁ የመነጨ ከሆነ፣ በተፈጠረበት ቀን መብቱ የናንተ ነው። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ የሚመዝን ሹም የለም። የምዝገባ ወረቀቱ የሚጠቅመው በክርክር ጊዜ ማስረጃ እንዲሆን ነው።

ሁለተኛ፦ ሕጉ ሥራው "ግዙፍነት ያገኘ" እንዲሆን ይጠይቃል። በአማርኛ ሲመነዘር፣ ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ይገኝ ማለት ነው። ተዘፍኖ አየር ላይ የቀረ ግጥም በሕጉ ዓይን ጭስ ነው። ስለዚህ ባለ መሲንቆው ወንድሜ ሆይ፣ ሌላ ሰው በሞባይሉ ሳይቀርጽህ አንተው ራስህን ቅረጽ! ማንበብ መጻፍ የሚችል ልጅ ካለህ ግጥሙን በደብተር ያስፍርልህ፤ ቀኑን ይጻፍበት፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ለእርሻ መሬት ውል ይህን ታደርግ የለም እንዴ?

ሦስተኛ፦ መብቱ ሁለት እግር አለው። አንደኛው የገንዘብ ነው፦ ማባዛት፣ መተርጎም፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሥራ መለወጥ፣ ማከፋፈል፣ በአደባባይ ማቅረብ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማሰራጨት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይቻልም። ሁለተኛው የሞራል ነው፦ ስማችሁ እንዲጠራ፣ ሥራችሁ እንዳይበላሽና እንዳይጣመም የመጠየቅ መብት ነው። ስለዚህ ስም ፍቆ ማውጣት ብቻውን በደል ነው፤ አንድ ሳንቲም ባይገኝበት እንኳ። ይህን የምለው ከሰማሁት ብቻ አይደለም። ለፍቼ የጻፍኩት ጽሑፍ ስሜ ተፍቆ በሌላ ሰው ስም ታትሞ አንብቤዋለሁ። ገንዘቡ ቀርቶብኝ ስሜን ቢመልሱልኝ ብዬ የተመኘሁበት ቀን ነበር።

አራተኛ፦ ዘፈኑ የሌላ ሰው ድርሰት ቢሆን እንኳ የሚጫወተው ሰው የራሱ መብት አለው። ሕጉ "ከዋኝ" ይለዋል። ያለ ከዋኙ ፈቃድ ጨዋታውን መቅረጽ፣ የተቀረጸውን ማባዛትና ማሰራጨት ክልክል ነው። ያ ሠርግ ቤት ሞባይል የደቀነው ሰው ለራሱ ትዝታ ብሎ ቢያስቀምጠው ነውር የለበትም። ቻናል ከፍቶ ሲቸረችረው ግን የሰው ማሳ ገባ።

አምስተኛ፦ መብቱ ከባለቤቱ ጋር አይቀበርም። ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ለወራሽ ይተላለፋል። የአገራችሁን ሰው እንውሰድ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በ1958 ዓ.ም. አሳትመው፣ በኅዳር 1996 ዓ.ም. አረፉ። አዋጅ 410 የወጣው እሳቸው ባረፉበት ዓመት ነው። በሕጉ ስሌት የመጽሐፉ መብት እስከ 2046 ዓ.ም. ግድም የወራሾች ነው። መጽሐፉ በቅርቡ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲመጣም የመብት ክርክር ተነሥቶ ፍርድ ቤት ደርሷል። አያችሁ? ስሙ የገነነ ደራሲ ሲሆን ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። የአማኑኤሉ ባለ መሲንቆም ልጆች አሉት። ለነሱ የሚከራከርላቸው ማን ነው?

ስድስተኛ፦ ዕቃውን መሸጥ መብቱን መሸጥ አይደለም። ሠዓሊ ሥዕሉን ለሆቴል ቢሸጥ፣ ሆቴሉ ግድግዳው ላይ ይስቀለው እንጂ በካላንደርና በፖስት ካርድ አባዝቶ እንዲቸበችበው ፈቃድ አልሰጠም። ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ልብ በሉ፦ ነጠላ ፎቶ በመጽሐፍ ካልወጣ ወይም የስብስብ አካል ካልሆነ ሕጉ የሚጠብቀው የአንሺው ወይም የወኪሉ ፊርማ ወይም አድራሻ ሲኖርበት ነው። ፎቶው ላይ ስማችሁን ማኖር ጉራ አይደለም፤ አጥር ነው።

ሰባተኛ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ፦ ተቀጥራችሁ ወይም ታዝዛችሁ የሠራችሁት ሥራ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በስተቀር፣ ባለቤቱ አሠሪው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት "ለበዓሉ ዘፈን ሥሩልን" ሲላችሁ አበሉንና ቲሸርቱን አይታችሁ ብቻ እሺ አትበሉ። ያ ዘፈን ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ሲንቆረቆር እናንተ የመብራት ቆጣሪ የምትሞሉበት ልታጡ ትችላላችሁ። ወረቀት ጠይቁ!

ስምንተኛ፦ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። "በቃል ተስማምተን ነበር" የሚሉት ነገር ለሽምግልና እንጂ ለቅጂ መብት አይሠራም። ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ፈልጉ፦ ምን ሥራ ነው የሰጠሁት? ለስንት ዓመት? ለየትኛው መንገድ፣ ለሲዲ ነው ለኢንተርኔት ነው ለሬዲዮ? የምፈርመውስ ከማን ጋር ነው? በ2006 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ሰሞን ቴዲ አፍሮ ለኮካ ኮላ ዘመቻ የዘፈነው የአማርኛ ዘፈን ተቀርጾ ሳይወጣ ሲቀር የተነሣውን ጭቅጭቅ ታስታውሳላችሁ። የኩባንያው መልስ "ውሉ ከኛ ጋር ሳይሆን ቀረጻውን ከሠራው ድርጅት ጋር ነው" የሚል ነበር። እንዲያ ያለ ስምና ገንዘብ ያለው ዘፋኝ የውሉ ሌላኛው ወገን ማን እንደሆነ ካነጋገረው፣ አማኑኤል ላይ በአውራ ጣቱ የሚፈርመውስ?

ለሌባው ጠበቃ፣ ለተዘረፈውስ?

ቅጣቱን በተመለከተ ሕጉ ጥርስ የለውም አይባልም። አዋጅ 410 ሲወጣ ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ያስፈራራ ነበር። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስም ወስኗል። በ1996 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ9 ብር በታች ስለነበር 100,000 ብር ቤት የሚያሠራ ገንዘብ ነበር። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቆ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲዘል፣ ያ ካሳ ቀልጦ ከአንድ ሺህ ዶላር በታች ወረደ። የመንግሥት ፖሊሲ የዘፋኙን ካሳ ሳይቀር ዘረፈው ማለት ነው። ይሁን፣ እሱንስ ማን ያስፈርድለታል?

አማኑኤል ላይ ያነጋገርኩት አንድ ባለ መሲንቆ ስለ ክስ ስጠይቀው ሳቀብኝ። "ወንድም ዓለም፣ በሬዬ ቢሰረቅ የበሬውን ቀለም ተናግሬ እከሳለሁ። ዘፈኔን ምን ቀለም አለው ልበል? ደግሞስ ለማን ነው የምናገረው?" አለኝ። የመጀመሪያው ጥያቄው ከላይ ተመልሷል፤ ቀለሙ ቅጂው ነው። ለሁለተኛው ጥያቄው ግን እኔም አፌ ተያዘ።

ለማን ይናገር? የቅጂ መብት በሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ጉዳይ ነው። የወረዳው ፍርድ ቤት በር ለሱ አይበቃውም፤ መንገዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ነው። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣኑ ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ለወራት ሲጠፋ ቆይቷል። በዚህ መሐል የመሲንቆ ተጫዋች ለዘፈን ክስ ይመላለስ? ትራንስፖርቱ ብቻ ካሳውን ይበላዋል።

ጠበቃ ይያዝ ከተባለም ነገሩ ይብሳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። መልካም ነው፤ ማንም ያለ ጠበቃ አይፈረድበት። ግን ልብ በሉ! ዘፈን የሰረቀው ሰው በወንጀል ቢከሰስ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ሊያገኝ ይችላል። ዘፈኑ የተሰረቀበት ሰው ካሳ ልጠይቅ ቢል ግን ያ አንቀጽ አያውቀውም። ጉድ በል ጎጃም!

ሦስት ጭላንጭሎች ግን አሉ፤ ማንም ስለማይነግራችሁ እኔ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ የዳኝነት መክፈል ያልቻለ ሰው በድህነት እንዲከስ ይፈቅዳል። "ገንዘብ የለኝምና በደሃ ደንብ ልክሰስ" ብላችሁ አመልክቱ። ሁለተኛ፣ መብት መጣስ ወንጀልም ስለሆነ ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ ዘንድ አቤት ማለት ይቻላል፤ ለዚያ ጠበቃ መግዛት አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ ዩቲዩብ ላይ ለወጣ ሥራ ኩባንያው ራሱ የማስወገጃ ማመልከቻ አለው። ክፍያ የለውም። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ በቅጂ መብት የተቀጣ ቻናል ይዘጋል። አንድ ኢንተርኔት የገባው የሠፈር ልጅ በግማሽ ሰዓት ሊሞላላችሁ ይችላል፤ ብቻ ሐሰት አትሙሉ፣ የሰው ሥራ የኔ ነው አትበሉ።

የአሥር ሺሊንጉ ዘፋኝ

"ይሄ ሁሉ ለአንድ የገጠር ዘፈን?" የሚል ባለሥልጣን አይጠፋም። ለሱ አንድ ታሪክ ልንገረው። ሰለሞን ሊንዳ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ዙሉ በ1939 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ ላይ "ምቡቤ"፣ ማለትም "አንበሳ" የሚል ዘፈን ቀረጸ። መብቱን ለቀራጩ ኩባንያ የሸጠው በ10 ሺሊንግ ነበር። ዘፈኑ አሜሪካ ተሻገረ፣ ቃሉ ተለወጠ፣ ስሙ ተለወጠ፣ ዓለም ሁሉ ዘፈነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የዲዝኒ "ላየን ኪንግ" ፊልም ውስጥ ሳይቀር ገባ። ሊንዳ ግን በ1962 እ.ኤ.አ. ደህይቶ ሞተ። ልጆቹም በድህነት አደጉ።

በኋላ አንድ የደቡብ አፍሪካ የቅጂ መብት ጠበቃ አሮጌ ሕግ ሲያገላብጥ፣ ደራሲው ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ መብቱ ለወራሾች ይመለሳል የሚል ድንጋጌ አገኘ። ክሱ ቀረበ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በስምምነት አለቀና ቤተሰቡ ድርሻውን አገኘ። ያንን ቤተሰብ የታደገው ምንድን ነው? ሕጉ ብቻውን አይደለም፤ ሕጉማ ዓመታት ሙሉ እዚያው ተኝቶ ነበር። የታደገው ሕጉን አንብቦ ከጎናቸው የቆመ አንድ ጠበቃ ነው።

አሜሪካኖቹ ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። በ1969 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ለጥበብ ሰዎች በነፃ የሚቆሙ የበጎ ፈቃድ ጠበቆች ማኅበር አቋቋሙ። ጠበቃ እንደ አሸን በሞላበት፣ ሀብት በሚፈስበት ከተማ እንኳ ሠዓሊውና ሙዚቀኛው ብቻውን አይችልም ተብሎ ታሰበ። እኛ ደግሞ ባለ መሲንቆውን "ሕግ አለልህ" ብለን አሰናበትነው።

የምንጠይቀው ምንድን ነው?

ተአምር አልጠየቅንም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው። የሕግ ተማሪዎች የሚማሩትን ሕግ የሚሠሩበት ቦታ ይፈልጋሉ፤ የጥበብ ሰዎች ሕግ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። በወር አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን፣ አንድ መምህርና አምስት ተማሪ አማኑኤል መጥተው አንድ ጠረጴዛ ቢዘረጉ፣ ውል ቢያነቡላቸው፣ ማመልከቻ ቢጽፉላቸው ምን ይጎድላቸዋል? የነዳጅ ዋጋ ነው? ለስብሰባና ለወርክሾፕ የሚወጣው አበል ግማሹ ይበቃል!

ጠበቆቻችንስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት ለድሆች እንዲያገለግል ይል ነበር። መንፈሱ መልካም ነው። ከዚያ ውስጥ ለአንድ ዘፋኝ፣ ለአንድ ሠዓሊ አምስት ሰዓት መስጠት ከብዶ ነው? የክልሉ ጠበቆችም ቢሆኑ ማንም ሳያስገድዳቸው ሊያደርጉት ይችላሉ።

የፍትሕ ጽሕፈት ቤቶችና የባህል ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ለበዓል "አርቲስቶቻችን" እያሉ ከማጨብጨብ አልፈው ሥራቸውን ይሥሩ። የጥበብ ሰው ሲጠራ አብሮ የውል ወረቀት ይቅረብለት። ስሙ ይጻፍ፤ ሥራው በምን ያህል ዋጋ፣ ለስንት ጊዜ እንደተወሰደ ይጻፍ። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንም ሕንፃው ውስጥ ተቀምጦ ደንበኛ አይጠብቅ፤ ሥራው የሚፈጠረው እዚህ ነውና ምዝገባውም እዚህ ይምጣ።

የሙዚቃ አሳታሚዎችና ባለ ስቱዲዮዎች ሆይ፣ "የሕዝብ" የምትለዋን ቃል ለጊዜው አስቀምጧት። ግጥሙን የሰማችሁበትን ሰው ፈልጉ፤ ስልኩ አይጠፋም። ስሙን ጻፉ፣ ድርሻውን ስጡት። አይቀንስባችሁም። የጎጃም ሰው ለሰጠው ክብር ይሰጣል፤ ለቀማው ግን አያት ቅድመ አያት እየቆጠረ ያስታውሳል።

እናንተ ባለ መሲንቆዎች፣ ዘፋኞች፣ ሠዓልያን፣ ፎቶ አንሺዎች! ድንበራችሁን አታስገፉ። ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ተደራጁ፤ ብቻውን የቆመ ሰው ድምፅ አይሰማም። ሥራችሁን ቅረጹ፣ ጻፉ፣ ቀን አስገቡበት፣ ስማችሁን አኑሩበት። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ፤ ማንበብ ካልቻላችሁ የምታምኑት ሰው ሳያነብላችሁ አውራ ጣታችሁን ቀለም አታስነኩት። ዘፈን ርስት ነው። እንዲያውም ከመሬቱ ይሻላል፤ መሬቱን መንግሥት ለልማት ብሎ ሊወስደው ይችላል፤ ዘፈኑን ግን ሕጉ ራሱ የናንተና የልጆቻችሁ ነው ብሎ ጽፎላችኋል።

የተጻፈውን የሚያነብላቸው፣ የተነፈጋቸውን የሚጠይቅላቸው ሰው ስጧቸው! በሕግ አምላክ!